ከሰገነቱ ጀርባ ያለው ቤት

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ሮም እሄዳለሁ። ሁለት ትርፍ ቀን አለኝ። ወንድ አያቴ አርበኛ ነበሩ። ልጆች ሆነን ‹ሙሶሊኒ ሰገነት ላይ ወጥቶ አዲስ አበባን ያዝኩ ብሎ ሲፎክር እኛ ጫካ ነበርን› ይሉን ነበር። ያ ሰገነት ያለው ቤተ መንግሥት ዛሬም አለ? ሙሶሊኒ ነው ያሠራው? አሁን ማን አለበት? ሰው ያስገባሉ? ብሄድ አያቴን እንደመርሳት ይቆጠርብኛል ወይ? እናቴ ‹እዚያ ምን ልትሠሪ?› ብላኛለች።»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቤቱ አለ። ሰገነቱም እንዳለ አለ። ሙሶሊኒ አላሠራውም፤ ቤቱ መሠራት የጀመረው እሱ ከመግባቱ 474 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ነው። ንብረትነቱ የጣሊያን መንግሥት ነው። ቲኬት ቆርጠው ይገባሉ።

እናትዎ ላነሱት ጥያቄ ግን አጭር መልስ የለኝም። እኔ የቆዩ ሕንፃዎች ጥገና ባለሙያ ነኝ። ሮም በተማርኩባቸው ዓመታት የዚያን ቤት ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከርሜያለሁ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ልቤ ከብዶኝ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ይገባኛል። ቤቱን መጀመሪያ ላስተዋውቅዎ፤ ወደ ሰገነቱ በኋላ እንወጣለን።

ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የእኛን ስጠቅስ «በእኛ» እላለሁ።

የቤቱ ስም ፓላዞ ቬኔዚያ ነው። «ፓላዞ» የሚለውን ቃል «ቤተ መንግሥት» ብለን ስንተረጉመው ትንሽ እንሳሳታለን። ጣሊያኖች የትልቅ ሰውንም ቤት፣ የመሥሪያ ቤትንም ሕንፃ፣ ተራ አፓርታማንም ፓላዞ ይላሉ። ይህ ቤት ለንጉሥ መኖሪያ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ፊት ለፊቱ ያለው ሜዳ ፒያሳ ቬኔዚያ ይባላል፤ ትርጉሙ የቬኒስ አደባባይ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ «ፒያሳ» የሚለውን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም።

ያሠራው ፒየትሮ ባርቦ የሚባል የቬኒስ ሰው ነው። አጎቱ ኤውጄንዮስ 4ኛ የሮም ጳጳስ ነበሩ። በነገራችን ላይ እኚህ ጳጳስ ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደሉም። በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ የተቀበሏቸው እሳቸው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ባርቦ ያኔ ወጣት ካርዲናል ነበር። በኋላ በሮም የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ካርዲናል ሆነ፤ በ1455 ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ቤቱን ማሠራት ጀመረ። ቅዱስ ማርቆስ የቬኒስ ጠባቂ ቅዱስ ነው። ለሮም ቬኒሳውያን ይህ ሰፈር አገራቸው ያህል ነበር። ቤቱም መጀመሪያ የተጠራው በቅዱስ ማርቆስ ስም ነው።

ባርቦ የሚሰበስብ ሰው ነበር። የጥንት ሳንቲም፣ የተቀረጸ ዕንቁ፣ ትንንሽ የነሐስ ምስል፣ ምን ያልሰበሰበው አለ። ቤቱን ሲያሠራም የራሱን መልክ የያዙ ሜዳሊያዎች አሠርቶ፣ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አድርጎ፣ ግድግዳው ውስጥ አስቀበራቸው። በላያቸው ላይ «ይህን ቤት በ1455 ዓ.ም. ሠራ» የሚል በላቲን ተጽፎባቸዋል። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ግድግዳው ሲነካካ ወጡ። እኔ ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ሰውየው ቤቱ አንድ ቀን እንደሚፈርስ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለሚያፈርሰው ሰው ነው ደብዳቤ የተወለት።

በ1464 ባርቦ ራሱ ጳጳስ ሆኖ ተመረጠ፤ ጳውሎስ 2ኛ ተባለ። ያኔ ለካርዲናል የተጀመረው ቤት ለጳጳስ እንዲመጥን ተለጠጠ። ትልልቆቹ አዳራሾች የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ከውጭ ሲያዩት ግማሹ ምሽግ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ እንደ ጎንደር ግንብ ጥርስ ጥርስ አለው፣ በአንድ ማዕዘን ማማ ቆሟል። ግማሹ ደግሞ የአዲስ ዘመን መኖሪያ ነው፤ በመስቀል ቅርጽ የተከፈሉ ሰፋፊ የድንጋይ መስኮቶች በረድፍ ተደርድረዋል። የመካከለኛው ዘመን ሲያልቅ ህዳሴ ሲጀምር የሚታይበት ቤት ነው። በሮም በዚህ ዓይነት ከተሠሩት ትልልቅ ቤቶች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ጳውሎስ 2ኛ ጨዋታ ይወድ ነበር። በ1466 የሮምን የካርኒቫል ሩጫዎች ወደዚህ አመጣቸው። ፈረሶቹ ቀጥ ያለውን ረጅም ጎዳና ጨርሰው የሚደርሱት እዚሁ ቤቱ አጠገብ ነበር። ጎዳናው ዛሬም «ኮርሶ» የሚባለው በዚያ ሩጫ ነው። ከፈረሶቹ ሌላ ሽማግሌዎችም ልጆችም ይሮጡ ነበር። አይሁዶችም ለሕዝብ መሳቂያ እንዲሆኑ ይሮጡ ነበር። ይህን ያነሳሁት ምክንያት አለኝ። በዚያ አደባባይ ሕዝብ ሰብስቦ፣ ከመስኮት ሆኖ ትርኢት ማየትና ማሳየት የተጀመረው በሙሶሊኒ አይደለም። ቦታው ከመጀመሪያው መድረክ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፈው። በ1564 ጳጳስ ፒዮስ 4ኛ ቤቱን ለቬኒስ ሪፐብሊክ ሰጡ። የቬኒስ አምባሳደሮች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተቀመጡበት፤ የአሁኑን ስም ያገኘውም ከዚህ ነው። በ1797 ናፖሊዮን ሪፐብሊኩን አፈረሰ፤ ቬኒስ ለኦስትሪያ ስትሰጥ ቤቱም አብሮ ሄደ። መሐል ላይ ፈረንሳዮች ያዙት፣ ከ1814 በኋላ ኦስትሪያ መልሳ ወሰደችው፤ በቫቲካን የኦስትሪያ ኤምባሲ ሆነ። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የኦስትሪያ አውሮፕላኖች ቬኒስን ደበደቡ። በ1916 የጣሊያን መንግሥት ቤቱን ወረሰው። ሙዚየም እንዲሆንም ተወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና የሙያዬን ነገር ላንሳ። ዛሬ ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ ሲቆሙ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው ነጩ የእብነ በረድ ተራራ ነው፤ ቪቶሪያኖ ይባላል። ለመጀመሪያው የጣሊያን ንጉሥ መታሰቢያ ተብሎ በ1885 ተጀመረ፣ በ1911 ተመረቀ። የሮም ሰዎች «የጽሕፈት መኪናው» ይሉታል። ያ ሐውልት ከሩቅ እንዲታይ ሲባል ብዙ ሰፈር ፈርሷል። ከፓላዞ ቬኔዚያ ጋር ተያይዞ የቆመው የጳውሎስ 2ኛ ትንሽ ቤትም፣ ፓላዜቶ የሚባለው፣ መንገድ ዘጋ ተባለ። ፈታቱትና ወደ ጎን ወስደው እንደገና ገጣጠሙት። ዛሬ ሲያዩት ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረ ይመስልዎታል። አይደለም። ከአደባባዩ ማዶ ያለው ሕንፃ ደግሞ የፓላዞ ቬኔዚያ አምሳያ ተደርጎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለኢንሹራንስ ኩባንያ የተሠራ ነው። ብዙ ጎብኚ እሱን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ትክክለኛው ቤት ፊትዎን ወደ ነጩ ሐውልት አዙረው ሲቆሙ በስተቀኝዎ ያለው ነው።

ሙሶሊኒ ቢሮውን ወደዚህ ያዛወረው በ1929 ነው። ይኖርበት አልነበረም፤ መኖሪያው ሌላ ቦታ ነበር። ለምን ይህን ቤት መረጠ? አደባባዩን ይመልከቱ። በአንድ በኩል የጥንት ሮም ፍርስራሽ። ፊት ለፊት የመንግሥቱ ሐውልትና በ1921 የተቀበረው ያልታወቀው ወታደር መቃብር። መሐሉ ላይ ብዙ ሺህ ሰው የሚያቆም ሜዳ። አልበቃውም። ከአደባባዩ እስከ ኮሎሴዩም ድረስ ያሉትን ሰፈሮች አስፈርሶ ለሰልፍ የሚሆን ቀጥ ያለ ጎዳና አወጣ። በ1932 ሲመረቅ «የኢምፓየር ጎዳና» ተባለ። ልብ ይበሉ፣ ያኔ ገና ኢትዮጵያን አልወረረም። ስሙ ቀድሞ ነው የተሰጠው።

ቢሮ ያደረገው ማፓሞንዶ የሚባለውን አዳራሽ ነው፤ የዓለም ካርታ አዳራሽ ማለት ነው። ስሙ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው፤ ትልቅ የዓለም ካርታ ነበረበት፤ ካርታው ጠፍቷል። ጣሪያው የሁለት ፎቅ ያህል ከፍታ አለው። ግድግዳው ላይ ዓምድ የሚመስሉ ሥዕሎች አሉ፤ ቀለም ይሁኑ ድንጋይ ለመለየት መጠጋት ያስፈልጋል። ወለሉ የሞዛይክ ነው፣ እሱ ግን የ1920ዎቹ ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የነበረው ዕቃ ጥቂት ነው። ጠረጴዛው በሩቁ ጫፍ ነበር። የሚጠራ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ያንን ባዶ ወለል በእግሩ ማቋረጥ ነበረበት፤ እሱ ቀና ሳይል፣ ጫማው እየተሰማ። ሌሊት መብራቱ እንዲበራ ይደረግ ነበር፤ የሮም ሰው በአደባባዩ ሲያልፍ «አለቃው አልተኛም» እንዲል።

እኔ ያንን ወለል አቋርጬዋለሁ። ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ ያለው ርቀት ሰውን ትንሽ ያደርጋል። ጳውሎስ 2ኛ ለክብሩ ያሠራውን አዳራሽ ሌላው ለማስፈራሪያ ተጠቀመበት። ድንጋዩ ያው ነው።

ሰገነቱ ከዚህ አዳራሽ ነው የሚወጣው። ፎቶ ላይ ያየ ሰው ትልቅ ይመስለዋል። ትንሽ ነው። ከታች ሆነው ሲያዩት «ይህ ነው እንዴ?» ማለትዎ አይቀርም። እኔ በሄድኩባቸው ጊዜያት በሩ ዝግ ነበር።

አያትዎ የነገሩዎትን ቀኖች አንድ በአንድ ላስቀምጣቸው፤ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉና።

የመጀመሪያው ጥቅምት 2 ቀን 1935 ነው፤ በእኛ መስከረም 21 ቀን 1928። በመላ ጣሊያን ደወልና ሳይረን ተደውሎ ሕዝቡ በየአደባባዩ ተሰበሰበ፤ ንግግሩ በሬዲዮና በድምፅ ማጉያ ተሰማ። «ከኢትዮጵያ ጋር አርባ ዓመት ታግሰናል፤ አሁን በቃ!» አለ። አርባ ዓመት ሲል ዓድዋን ነው። በማግሥቱ ጦሩ መረብን ተሻገረ።

ሁለተኛው ግንቦት 5 ቀን 1936 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928። የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሙሶሊኒ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጦርነቱ አለቀ፣ «ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት» አለ። አያትዎ የሚሉት ይህንን ነው። ሦስተኛው ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 9 ሌሊት ነው፤ በእኛ ግንቦት 1። የሮም ኢምፓየር ተመልሶ መጣ ብሎ አወጀ፤ የጣሊያን ንጉሥም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የሚል ስም ጨመረ።

ጦርነቱ ግን አላለቀም ነበር። አያትዎ ጫካ ነበሩ። ልክ አምስት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ሚያዝያ 27፣ ዓመቱ 1933 በእኛ፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። የአርበኞችን ቀን የምናከብረው ያን ዕለት ነው።

አሁን እኔ ከሁሉ በላይ ልነግርዎ የፈለግኩት ነገር ላይ ደርሰናል። ሰው ሁሉ ስለ ሰገነቱ ይጠይቃል። እኔ ግን ስለ ጠረጴዛው ይጠይቁ እላለሁ። ሰገነቱ ላይ የተባለው ለሕዝብ የተባለ ነው። እኛን ያቃጠለን የተጻፈው ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን 1935 ባዶሊዮ መርዝ ጋዝን በብዛትም ቢሆን እንዲጠቀም የሚፈቅድ ቴሌግራም በሙሶሊኒ ስም ተላከ። ሰኔ 5 ቀን 1936፣ «ጦርነቱ አለቀ» ከተባለ ልክ በወሩ፣ የተማረኩ አርበኞች በሙሉ እንዲረሸኑ ለግራዚያኒ ታዘዘ። ሐምሌ 8 ደግሞ በአመጸኞችና በሚተባበሯቸው ሕዝቦች ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ እንዲከተል ፈቃድ ተሰጠው። እነዚህ ወረቀቶች ተገኝተዋል፣ ታትመዋል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ግን ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት የሰውየው ቢሮ ይህ አዳራሽ ነበር።

ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ሲቆሙ ዓይንዎን ወዲያው ወደ መስኮቱ አይላኩ። ዞር ይበሉና ባዶውን ጫፍ ይዩት። ጠረጴዛው ዛሬ የለም። ቦታው አለ።

ሌላ አንድ ቀን ልጨምር፤ እሱ የተፈጸመው ከቤቱ ማዶ፣ ነጩ ሐውልት ላይ ነው። ታኅሣሥ 18 ቀን 1935፣ በእኛ ታኅሣሥ 8። የመንግሥታት ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ከጣለ አንድ ወር ሆኖታል። ጦርነቱ ወርቅ ይፈልጋል። የጣሊያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ቀድማ የራሷን ሰጠች። ከኋላዋ እናቶች፣ ባል የሞተባቸው፣ አሮጊቶች ተሰልፈው ደረጃውን ወጡ። ወርቃቸውን ጥለው በምትኩ የብረት ቀለበት አጠለቁ። ደራሲው ሉዊጂ ፒራንዴሎ የኖቤል ሜዳሊያውን ሰጠ። በጣሊያንኛ «ፌዴ» ማለት እምነትም ነው፣ የጋብቻ ቀለበትም ነው። ቀኑን «የፌዴ ቀን» አሉት። ቃሉ ሁለቱንም ተሸከመ። በየአገሩ ስንት ድሃ ሴት ብቸኛ ወርቋን አውልቃ እንደሰጠች ሳስብ ዝም ከማለት ሌላ ምንም አይመጣልኝም። ያ ወርቅ እኛ ላይ ነው የወደቀው።

አሁን ወደ ግቢው ይግቡ። ፓላዞ ቬኔዚያ መሐሉ ላይ ዛፍ ያለበት ጸጥ ያለ ግቢ አለው። ከአደባባዩ የመኪና ጩኸት ወጥተው ሲገቡ ጆሮዎ ያርፋል። ዙሪያውን በቅስት የተሠራ ባለ ሁለት ፎቅ መተላለፊያ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ ጳውሎስ 2ኛ በ1471 ሞተ፣ ጥቂቱ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። የት ላይ እንደቆመ በዓይን ይታያል። መሐሉ ላይ ምንጭ አለ፤ በ1730 ካርሎ ሞናልዲ የሠራው ነው። ቬኒስ በሴት ተመስላ ቆማለች። እጇ ላይ ቀለበት አለ፤ ባሕሩን ልታገባ ነው። የቬኒስ መሪዎች በየዓመቱ ቀለበት ባሕር ውስጥ ይጥሉ ነበር፣ «አግብተንሻል» እያሉ። የአምባሳደሩ ግቢ ውስጥ ያንኑ በድንጋይ አሠሩት። እኔ ያቺን ሴት ባየሁ ቁጥር የማዶዎቹ ሴቶች ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ቤቱ ራሱ ሙሶሊኒን የጣለው ደግሞ በሌላ ክፍል ነው። ሰኔ 10 ቀን 1940 በዚያው ሰገነት ላይ ሆኖ በብሪታንያና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አፍሪካ ውስጥ የነበረው ሁሉ ከእጁ ወጥቶ አለቀ፤ በ1943 ሐምሌ ላይ የተባበሩት ጦሮች ሲሲሊ ወረዱ። ሐምሌ 24 ከሰዓት በኋላ የፋሺስት ታላቁ ምክር ቤት እዚሁ ቤት ተሰበሰበ። ክፍሉ «የበቀቀን አዳራሽ» ይባላል፤ ጳጳሳት በቀቀን ያኖሩበት ከነበረ ጊዜ የቀረ ስም ነው። ስብሰባው ሌሊቱን አጋመሰ። የምክር ቤቱ አባል ዲኖ ግራንዲ ያቀረበው ሐሳብ፣ የጦሩ አዛዥነት ለንጉሡ ይመለስ የሚለው፣ 19 ድምፅ አገኘ። የራሱ ሰዎች ናቸው። በማግሥቱ ንጉሡ ዘንድ ሄዶ ሲወጣ ታሰረ። 14 ዓመት የሠራበትን ቢሮ ዳግመኛ አላየውም።

አሁን ማን አለበት ላሉት። ከ2020 ጀምሮ ቤቱና ነጩ ሐውልት በአንድ አስተዳደር ሥር ናቸው፤ ቪቬ ይባላል፣ የሁለቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ናቸው። በአንድ ቲኬት ሁለቱንም ያያሉ። ሙዚየሙ እንደ ቫቲካን ሰው የሚጋፋበት አይደለም። የእንጨት ሐውልት፣ የሸክላ ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ፣ ትንንሽ ነሐስ፣ ሥዕል አለው። ከሥዕሎቹ የጆርጆኔ የሚባለውን የሁለት ወጣቶች ምስል አይለፉት፤ ፊት ያለው ልጅ ጉንጩን እጁ ላይ አስደግፎ በሐሳብ ሄዷል። እኔ ብዙ ጊዜ የምቆየው ግን የሸክላ ንድፎቹ ዘንድ ነው። ቀራጮች ትልቁን እብነ በረድ ከመንካታቸው በፊት በሸክላ ይለማመዱ ነበር፤ የበርኒኒም አለ። ጠጋ ብለው ያዩዋቸው። የጣት አሻራ የሚመስል ጭምቅ ያያሉ። የሸክላዎቹ ብዙው ኤቫን ጎርጋ የሚባል የኦፔራ ዘፋኝ ከሰበሰበው ነው። ሰውየው መዝፈኑን ትቶ ዕድሜውን በመሰብሰብ ጨረሰ።

ቤተ መጻሕፍቱ የአርኪዮሎጂና የሥነ ጥበብ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ በጣሊያን በዘርፉ ከትልልቆቹ አንዱ። እኔን ለዚህ ቤት ያስታረቀኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ቀን በከበደ ልብ የገባሁት ሰው በሦስተኛው ሳምንት ወንበር ለማግኘት በጠዋት እየሮጥኩ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ያነባል። የገጽ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ለእኔ የቤቱ ትክክለኛ ሥራ ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አደባባዩ ግንባታ ላይ ነው። ከ2023 ጀምሮ የሜትሮ ሲ መስመር ጣቢያ በጥልቀት እየተቆፈረ ነው፤ ሮም መሬት ተነክቶ ጥንታዊ ነገር ስለማይጠፋ አርኪዮሎጂስቶች አብረው ይሠራሉ። አጥርና ክሬን ስላለ ሰገነቱን ከፊት ለፊት ለማየት ቦታ መፈለግ ሊኖርብዎ ይችላል። እኔ ከሐውልቱ ደረጃ ላይ ሆኜ ማየቱን እመርጣለሁ፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ይታያል።

ብዙ ሰው የአክሱም ሐውልት እዚህ ፊት ለፊት ቆሞ የነበረ ይመስለዋል። አይደለም። እሱ የነበረው ከኮሎሴዩም አለፍ ብሎ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ነው፤ ያኔ ሕንፃው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር። በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። እዚያ ፍለጋ ጊዜዎን አያጥፉ።

ብሄድ አያቴን መርሳት ይሆንብኛል ወይ ላሉት ሐሳቤን ልንገርዎ። ይሂዱ። ቤቱ ከአምስት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያ ሰው የያዘው 14ቱን ነው። ቤቱን በሙሉ ለእሱ ከተውንለት ያልነበረውን እንሰጠዋለን። ግን ስለ ህዳሴ ብቻ አውርቶ 14ቱን ዓመት የሚዘል አስጎብኚ ካጋጠመዎት ዝም አይበሉ። «የጋዙ ትእዛዝ ሲላክ ቢሮው የት ነበር?» ብለው ይጠይቁት። በትሕትና ይጠይቁ። አያትዎ ኖረው ቢሆን የሚጠይቁት ነገር ነው። ለእናትዎም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ የምትሠራው ነገር አላት።

ሲጨርሱ ሙሶሊኒ ያወጣውን ጎዳና ይዘው ወደ ኮሎሴዩም ይራመዱ። ዛሬ የንጉሠ ነገሥታት ፎረሞች ጎዳና ነው ስሙ። በቀኝዎ፣ የማክሴንትዩስ ባሲሊካ የሚባለው ትልቅ ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ የእብነ በረድ ካርታዎች ያገኛሉ። የጥንት ሮም ግዛት እንዴት እየሰፋ እንደሄደ የሚያሳዩ ናቸው፤ በ1934 የተሰቀሉ። ይቁጠሯቸው፤ አራት ናቸው። በ1936 አምስተኛ ተጨምሮ ነበር፤ የፋሺስቱን ኢምፓየር ከነኢትዮጵያ የሚያሳይ። ከጦርነቱ በኋላ አወረዱት። ከዚያ ኮሎሴዩም የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።